የመሸኛው አልጋ

የሕፃናቱ ክፍል ክረምት ሲገባ በሳል፣ ክረምት ሲወጣ በወባ፣ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ በተቅማጥ ይሞላል። ሐኪሞቹ ይህን ያጠናሉ። እናቶቹም የራሳቸውን ያጠናሉ፤ የትኛዋ ነርስ መርፌ ስትወጋ እጇ እንደሚቀል፣ የትኛው ፍራሽ እንደተቀደደ፣ የትኛው አልጋ ላይ የተኛ ልጅ ወደ ቤቱ እንደማይመለስ።

ያ አልጋ ከነርሶቹ ጠረጴዛ አጠገብ ያለው ነው። የድንቢጥ እናት ይህን የሰማችው በገባች ማግስት ነበር። ልጇን ድንቢጥ ያለቻት ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ስለምትንጫጫ ነው። አሁን ግን ያቺ ለፍላፊ ደረቷ እንደ ወናፍ ከመነፋት በቀር ድምፅ የላትም።

የነገረቻት አልጋ የተጋራቻት ሴት ናት። ልጆቿን ተራ በተራ እያስታመመች እዚያው ስለከረመች እናቶቹ «ነባሯ» ይሏታል።

«ያንን አልጋ አየሽው፣ እህቴ?» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የመሸኛው አልጋ ነው። አፍንጫቸው ላይ ቱቦ ይሰኩባቸዋል፣ ከዚያ ተጠቅልለው ነው የሚወጡት። እኔ ከዚያ ተነስቶ በእግሩ የሄደ ልጅ አላየሁም።»

ነባሯ አልዋሸችም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ያላወቀችው ኦክስጅኑ የሚደርሰው እዚያ አልጋ ድረስ ብቻ መሆኑን፣ ወደዚያ የሚወሰደውም ነፍሱ ልትወጣ የደረሰች ልጅ መሆኑን ነው። ለምን አልተነገራቸውም? ማን ይንገራቸው! ተረኛዋ ነርስ ብቻዋን ለዚያ ሁሉ ልጅ ስትራወጥ ምሳዋን እንኳ ቆማ ነው የምትጎርሰው።

እኩለ ቀን ላይ ነርሷ የድንቢጥን ደረት አየች አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ነይ እናቴ፣ ወደዚህ እናምጣት።»

«ሲስተር፣ በፈጠረሽ! እዚሁ ትሁንልኝ።»

«ትንፋሽ አጥሯታል እኮ። ለሷ ብዬ ነው፤ በኋላ አስረዳሻለሁ።»

ልጅቷን አቅፋ ወሰደችና ቱቦውን ሰካችላት። ወዲያው ከክፍሉ ጥግ ሌላ ልጅ መንቀጥቀጥ ጀመረና ወደዚያ ሮጠች። ለማስረዳት ጊዜ አላገኘችም።

እናት ልጇን እዚያ አልጋ ላይ ተጋድማ ስታያት ዞር ብላ ነባሯን አየቻት። ነባሯ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ወዲያ ምን ይታሰባል! ቱቦውን ቀስ አድርጋ ነቀለች፣ ድንቢጥን በአንገት ልብሷ ጠቀለለቻትና ወጣች።

ዘበኛው ለመኪና በር እየከፈተ ነበር። «ወጣችልሽ? እሰይ! ሁለተኛ አይመልስሽ።»

«አሜን፣ አባቴ» አለች።

አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ድንቢጥ መጀመሪያ ታቃስት ነበር። ቆይቶ ማቃሰቷ ቀነሰ፣ ደረቷም ያን ያህል መነፋቱን ተወ። እናት ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት! «አየሽ የኔ እመቤት፣ ንጹሕ አየር ነበር የጎደለሽ» እያለች ግንባሯን ሳመችው።

አጠገቧ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ልጅቷን አዩ፣ እሷንም አዩ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ልጅሽን እያት» አሏት በቀስታ።

እየጮኸች ወደ መጣችበት ሮጠች። ነርሷ ልጅቷን ተቀብላ ደረቷን አዳመጠች፣ ደግማ አዳመጠች፣ ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች።

«የት ወሰድሻት? የምትተነፍስበት አየር ያለው እኮ እዚህ አልጋ ላይ ብቻ ነው!» ብላ ጮኸችባት። የጮኸችው ነርስ ራሷ ቀድማ አለቀሰች።

አልጋው ባዶ አልነበረም። የነባሯ ልጅ ተኝቶበታል። ድንቢጥ ከወጣች በኋላ ትንፋሽ ሲያጥረው ነርሷ ከእናቱ ነጥቃ ነው የወሰደችው፤ ነባሯ እግሯ ላይ ወድቃ እየለመነቻት። ጠቁሮ የነበረው ከንፈሩ አሁን ቀልቷል። ዓይኑን ገልጦ እናቱን ይፈልጋል።

«እማ፣ ውሃ» አለ።

ነባሯ ኩባያውን አነሳች። የድንቢጥ እናት ልጇን መልሳ እንደታቀፈች ቱቦውን ታያለች። ነባሯ በዚያች ሴት ፊት ልጇን ውሃ ለማጠጣት አፈረች።