ከጀርባ የታየ ማራገቢያ

የእህቴ ባል ቀልድ ይወዳል። ልጁ በምሕንድስና ተመርቃ በእኛው ወርክሾፕ ጥግ ጠረጴዛ የዘረጋች ሰሞን፣ ከኋላዋ ቆሞ የኮምፒውተሯን ስክሪን እያየ በቀልድ ይነካካት ነበር።

"አየሩን እዚህ ውስጥ ከተትሽው አይደል? ታፍኖ እንዳይሞትብሽ።"

"አይሞትም አባዬ፣ እየዞረ ነው።"

የምንሠራው የአየር ማጣሪያ የሚፈተንበትን ቱቦ ነበር። አራት ማዕዘን ሆኖ ራሱ ላይ የሚዘጋ የላሜራ ቱቦ ነው፤ በአንዱ ጎን ማራገቢያ ይታሰራል፣ በማዶው ጎን አንድ ጫፍ ላይ ማጣሪያው ይገባል። ከውጭ የሚገባ የለ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ የለ፤ ያው አየር ይዞራል። ላሜራውን የማጥፈው እኔ ነኝ። ማራገቢያውን የሚያስረው እሱ ነው። ልጅቷ ደግሞ ነገሩን አስቀድማ ኮምፒውተር ላይ አስመስላ፣ በሲሙሌሽን ታየዋለች።

"ማራገቢያው የታለ?" አላት።

"ይኸው፣ ይቺ ስስ ክብ ናት።"

"ይቺማ የድስት ክዳን ናት! ክንፏስ?"

"ክንፉን መሳል አያስፈልገኝም። ምን ያህል እንደሚገፋና ወዴት እንደሚገፋ ብቻ ነው የምነግረው። ቱቦው ዝግ ስለሆነ ደግሞ አንድ ቦታ መርጬ 'እዚህ ላይ ግፊቱ ይሄን ያህል ነው' ካላልኩት፣ ቁጥሩ ሁሉ መቆሚያ አጥቶ ይዋልላል።"

"እንደ አጎትሽ በይኛ! እሱም ሚስቱ ካልተቆጣችው ሲዋልል ነው የሚውለው።"

ሳቅን። ከሳቁ ሥር ግን ሦስታችንም የምናውቀው ፍርሃት ነበረ። የእህቴ ባል ታላቅ ወንድም አእምሮው እየከዳው ሄዶ ሄዶ፣ የገዛ ልጆቹን ሳያውቅ ነው የሞተው። ያስታመመው ይኸው ሰውዬ ነው። ስለዚህ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ፣ ወይም አፉ ስቶ እኔን በሟቹ ስም ሲጠራኝ፣ ቀልዱ ይጠፋዋል። ሥራውን ያቆምና ያየኛል።

"ጀመረኝ እንዴ?"

"ተው እንጂ፣ የማይረሳ ማን አለ!" እለዋለሁ። ይህን እያልኩም በልቤ አደራዬን ለላይኛው እሰጣለሁ።

ቱቦው አልቆ የሞከርን ቀን፣ ልጅቷ አየሩ ወዴት እንደሚነፍስ በቱቦው የመስታወት መስኮት በኩል እንዲታያት ውስጡ ክር አሰረች። ማራገቢያው ሲነሳ ክሩ ወደ ግራ ተዘረጋ። ስክሪኗን አየች፤ እዚያ ቀስቶቹ የሚሄዱት ወደ ቀኝ ነው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

"አባዬ፣ ገልብጠህ ነው ያሰርከው።"

"እንዴ! እንደተነጋገርነው መስሎኝ ነው እኮ ያሰርኩት።"

"መስሎህ ነዋ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አባዬ፣ ይሄ ነገር እኮ እየበዛ ነው። ሰው ይጎዳል።"

ብትጮህበት ይሻል ነበር። ሰውዬው ክሩን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ መጨረሻ ላይ እጁን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብሎኑን መፍታት ጀመረ። ማራገቢያውን ራሱ ገለበጠው። ሲጨርስም ልጁን "ይቅርታ አድርጊልኝ" አላት። በማግስቱ የወርክሾፑን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠ።

"አንተው ክፈት፣ አንተው ዝጋ። እኔ ከእንግዲህ የሚሽከረከር ነገር አልነካም።"

ለመንኩት፣ እምቢ አለ።

ማራገቢያው ከተገለበጠ በኋላ ቱቦው ላይ የተገጠመው የግፊት መለኪያ መርፌ አላርፍ አለ፤ ይንቀጠቀጣል። አየሩ ረጅሙን ቀጥ ያለ ቱቦ ተጉዞ፣ ረጋ ብሎ ማጣሪያው ጋ መድረስ ሲገባው፣ አሁን ከማዕዘኑ እንደታጠፈ እየተተራመሰ ነበር የሚደርሰው። ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም ሰላም ነው። ልጅቷ ሰበቡን ስትፈልግ ሰነበተች። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ምስሉን በማውሷ ይዛ ስታዞረው ቀስቶቹ ወደ ግራ መሄድ ጀመሩ። መልሳ አዞረችው፤ ወደ ቀኝ።

"አጎቴ፣ ና እስቲ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ከጀርባው ነበር የማየው።"

እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ቱቦውን የሞከርን ቀን ምስሉ ዞሮ ጀርባው ወደ እሷ ነበር፤ ከጀርባ ሲያዩት ግራው ቀኝ ነው። ማጣሪያውም ያለቦታው፣ በሌላኛው ጫፍ ይታይ ነበር፤ ልብ አላለችውም። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም። አባቷም አልተሳሳተም። ሁለቱ አንድ ነገር ነበር የሚሉት።

"እንዴት አላየሽውም?" አልኳት፤ ልወቅሳት ብዬ አልነበረም።

"ክሩን ሳይ፣ የፈራነው ነገር መጣ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መች አየሁ!"

በዚያው ተነስተን ቤቱ ሄድን። ጋቢውን ለብሶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። እግሩ ሥር ተንበርክካ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ ከፈተችለት፤ እያለቀሰች ነገረችው፤ ምስሉን አዞረችና አሳየችው። ረጅም ጊዜ አየው።

"ዛሬ ደግሞ በዚህ በኩል አደረግሽው?"

"አዎ፣ ትክክሉ ይሄ ነው።"

"እንደፈለጉት ይዞራላ።" ራሷን ዳበሳት። "የኔ እናት፣ አባትሽን ልታጽናኚ ነው። እግዜር ይባርክሽ።"

"አባዬ ሙት! እውነቴን ነው!"

"አውቃለሁ።"

አላመናትም። ወንድሙን ሲያስታምም "ዛሬስ ደህና ነህ፣ ምንም አልረሳህም" እያለ ያባበለው እሱ ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ቃል በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚነገር ያውቃል፤ የልጁም ድምፅ ያው ሆኖ ተሰማው።

ባይሆን በዓይኑ ይየው ብለን በማግስቱ ወርክሾፕ ወሰድነው። ብሎን መፍቻውን ዘረጋሁለት፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ። "እናንተው እሰሩት፣ እኔ ልይ" አለ። እኔና ልጅቷ ፈታን፣ ገለበጥን፣ አሰርን። ማራገቢያው ሲነሳ መርፌው ወደ ቦታው ሄደና ቆመ። ንቅንቅ አላለም።

"አየኸው አባዬ?"

"አየሁት። ጎበዝ፣ አስተካከልሽው።"

"እኔ አይደለሁም! አንተ መጀመሪያ እንዳሰርከው ነው የመለስነው! አጎቴ፣ ንገረው እንጂ!"

ነገርኩት። በማምነው በፈጣሪ ስም፣ ቃል በቃል ነገርኩት። እንደሚባበል ሰው ፈገግ ብሎ አደመጠኝ።

"እሺ" አለ። "እሺ፣ እናንተ ካላችሁ።"

ደክሞኛል አለና ልጅቷ ልትሸኘው ተነሳች። ከበሩ እሱ ቀድሞ ወጣ። ሲመላለስበት ያረጀበት መንገድ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፤ በየት በኩል እንደምትወስደው ይጠብቃት ጀመር።