እግሬን ልቀቁ

ሲስተር እፀገነት አደጋ ያስደነገጠውን ሰው የምታክመው ሳንሱሲ ሰፈር፣ ከአንድ የጂፕሰም መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ታሪኬን ልነግራት አፌን ስከፍት አስቆመችኝ።

«እሱን ሌላ ቀን። አሁን እግርሽ ምን እያለ ነው?»

«ምንም።»

«እሺ፣ እንጠብቀው።»

አምስት ዓመት ሲቪል ምህንድስና የተማርኩት እግሬ እስኪናገር ቁጭ ብዬ ለመጠበቅ አልነበረም። ግን ሌላው ሁሉ አልሠራም። አስኮ፣ ለሕንፃ መሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ተንዶ እስከ ደረቴ ከቀበረኝ ስምንት ወር ሆኖታል። አርባ ደቂቃ። አካፋው እንዳይመታኝ ብለው ሠራተኞቹ በእጃቸው ነው ቆፍረው ያወጡኝ። አንድም አጥንት አልተሰበረም። «ተመስገን በይ» አሉኝ፤ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ጉድጓድ አፍ ላይ ስቆም ከወገቤ በታች ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ይሆናል። እግሬ አይወርድም፣ አይሸሽም፤ ይደርቃል። መሥሪያ ቤቴ ቢሮ አስቀምጦ ፕላን ያሳርመኛል። ሰኞ አዲሱ ሳይት ላይ ቁፋሮ ይጀመራል። ወይ እወርዳለሁ፣ ወይ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል።

«ያን ቀን እግርሽ ሊሮጥ ፈልጎ አልቻለም» አለችኝ ሲስተር በስድስተኛው ሳምንት። «ያልጨረሰውን ይዞ ቁጭ ብሏል። አንድ ቀን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሲጀምር እንዳታስቆሚው። እስኪበቃው ተይው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ጀመረ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ የሰጠችኝን ልምምድ እየሠራሁ ነበር። መጀመሪያ ጭኔ ውስጥ፣ ኪስ ውስጥ እንዳለ ስልክ ነዘረኝ። ከዚያ ሁለቱም እግሮቼ ተንቀጠቀጡ፤ ጥርሴ ተንገጫገጨ። አልፈራሁም። በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ ሥራ ያዘ።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ዋጋነሽ ጴንጤ ከሆነች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ያየችው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም አትጠይቅም።

«ያ ጎፍታ! ሌሊሴ!» ሲጨንቃት ጌታን የምትጠራው በኦሮምኛ ነው።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ።»

እየተንገጫገጨ የሚናገር ሰው አይታመንም። በሩን ከፍታ ጎረቤታችንን እትዬ አበበችን ተጣራች። እትዬ አበበች የጎጃም ሰው፣ የለየላቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። እሳቸውና እናቴ በሃይማኖት ነገር አሥራ ሁለት ዓመት ሲከራከሩ ተስማምተው አያውቁም። በእኔ ተስማሙ።

እናቴ አንድ እግሬ ላይ ተቀመጠች። እትዬ አበበች ሌላውን ብብታቸው ውስጥ ቆልፈው፣ በተረፈው እጃቸው ከሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል ይረጩኝ ጀመር።

«በኢየሱስ ስም ልቀቃት!»

«ማን ነህ? ተናገር! የት አገኘሃት?»

«ሌሊሴ ነኝ እትዬ! ልቀቁኝ!»

«አየሽ? ልቀቁኝ አለ!» አሉ እትዬ አበበች፣ ደስ ብሏቸው። «ተቃጠለ! አጥብቀሽ ያዢ ዋጋነሽ!»

እኛ ሰፈር ልቀቁኝ ያለ ሁሉ ሰይጣን ነው። ጤነኛ መሆኑን ማስረዳት የሚችለው ዝም በማለት ብቻ ነው።

መንቀጥቀጡ ቆመ። እነሱ ለቀቃት ብለው ሊያመሰግኑ ነው። እኔ ግን አወቅሁት፤ ጉድጓዱ ነው። ክብደቱ ያው ክብደት ነው። ከወገቤ በታች ያለው የሌላ ሰው መሆን ጀመረ። ያኔም የሚቆፍሩት ሰዎች «ጎበዝ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» ሲሉኝ አልተንቀሳቀስኩም። ታዛዥ ነበርኩ።

አፈሩን መግፋት አልችልም ነበር። ሁለት ሴቶችን ግን እችላለሁ።

ገፋሁ። ከተረከዜ ጀምሬ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ እየጮህኩ ገፋሁ። እትዬ አበበች ሶፋው ላይ በጀርባቸው ወደቁ፤ ጠበሉ ተገልብጦ ምንጣፉን አራሰው። እናቴ ሻሿ አንገቷ ላይ ወርዶ መሬት ላይ ቀረች።

«ወጣ?» አለች በሹክሹክታ።

«የሚወጣ የለም። ያለሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን እግሬ መሮጥ አቅቶት ነበር፤ ዛሬ ሊሮጥ ሲነሳ እናንተ መልሳችሁ ቀበራችሁት።»

«እኔ? ልጄን?»

«አንቺ። ላዩ ላይ ተቀምጠሽ።»

እትዬ አበበች ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ «ታዲያ የሰው ልጅ እንዲህ ሲሆን እያየን ዝም እንበል?» አሉ።

«አዎ እትዬ፣ ዝም ይበሉ። ሰኞ ጉድጓድ እገባለሁ፤ ከዚያ በፊት ይሄን መጨረስ አለብኝ። ከፈለጉ ይቀመጡ፣ ካልፈለጉ በሩ ክፍት ነው። የሚነካኝ ግን የለም።»

ለትልቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ይቅርታም አልጠየቅሁም። እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ተመልሼ ተኛሁ፤ ጉልበቴን አጠፍኩ። ብዙ ጠበቅሁ። አበላሹት፣ አይመለስም ብዬ ልነሳ ስል ጭኔ ውስጥ ነዘረኝ። ከዚያ እግሮቼ ምንጣፉን ይደበድቡት ጀመር።

እትዬ አበበች አማተቡ። «በስመ አብ…» ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ።

«ዝም በይ አበበች» አለች እናቴ። ዓይኗን ከእግሬ ላይ አልነቀለችም። እንዳትይዘኝ ሁለት እጆቿን ብብቷ ስር ከታ ነበር። «ትጨርስ።»