የድህነት ወረቀት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። በሩን ገርበብ አድርጉት፣ ነፋሱ ያስለኛል። የሽታዬን ነገር ልንገራችሁ። አጭር ናት፤ ግን እየቸኮላችሁ አትስሙኝ።

ሽታዬ ሸነን የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ግራ ጡቷ ውስጥ አንዲት ባቄላ የምታህል ነገር ካገኘች ከራርማለች። ጡት ነውና ለማን ይነገራል? አፍራ ደበቀችው። መስከረም ላይ ባቄላዋ ድንች አከለችና፣ ጨንቋት ክሊኒክ ሄደች። መርፌ ወጊውና ቁስል አጣቢው ድሬሰር ዘርትሁን ዳስሶ መርፌውን ወደ ሳጥኑ መለሰ።

«አዴ ሽታዬ፣ ይሄ የእኔ መርፌ የሚችለው አይደለም። አዲስ አበባ ሄደሽ ቢቆረጥ ትድኛለሽ። ግን ቶሎ ነው።»

«ቶሎ ማለት?»

«የዘንድሮ ጤፍ ሳይታጨድ።»

አዲስ አበባ ያለ ገንዘብ የሚታከመው የነፃ ሕክምና ወረቀት የያዘ ሰው ነው። ወረቀቱን የሚጽፈው የገበሬ ማህበሩ ኮሚቴ ነው፤ «ይህች ሰው ድሃ ናት» ብሎ ማህተም ይመታበታል።

ሽታዬ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ሹም ፊት በቡትቶ መቅረብ ሹሙንም ራስንም ማዋረድ ነው። ስለዚህ ጎረቤቷ ደራርቱ የሰርግ ቀሚሷን አዋሰቻት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ሚስት ጫማዋን ሰጠቻት። ጫማው ጠቧት እያነከሰች ኮሚቴው ፊት ገባች።

ሊቀመንበሩ ሞሲሳ ከወንዝ ማዶ የተመረጠ ሰው ነው፤ ጎጆዋን አያውቃትም። ከእግር እስከ ራሷ አያት። ጸሐፊው በድሉ «ሙሽሪት መጣች!» ሲል ቤቱ ሳቀ።

«አንቺ ድሃ ከሆንሽ እኛማ ለማኞች ነና» አለ ሞሲሳ።

«የተዋስኩት ነው፣ ኦቦ።»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ይጣራ!»

በሽታዋን ልትናገር አፏን ከፈተች። ፊቷ ስድስት ወንድ ተቀምጧል። «ጡቴን» ማለት አፈረች። «ያመኛል» ብቻ አለች። ማንን የማያመው አለ?

ማጣራት ማለት አንድ ሰው ቤቷ ሄዶ ማየት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ግን ዓመቱ የመንደር ምሥረታ ዓመት ነው፤ ገበሬው ሁሉ ጎጆውን አፍርሶ አንድ ቦታ ይሰፍራል። ኮሚቴው ገመድ ይዞ ቤት የሚተከልበትን ሲለካ ይውላል። ሽታዬ ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ቀን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ትሄዳለች፤ የቢሮው በር ተቆልፏል። ጤፉ ታጨደ፣ ተወቃም። ጥር ላይ በድሉ መጣ። ሰማይ የሚያሳየውን ጣሪያ አየ፣ ያለቻትን አንዲት ሳህን አየ፣ አቀረቀረ።

«ማሎ አዴ፣ ምነው ያን ቀን እንዲህ መሆንሽን ብትነግሪን?»

«ስትስቁብኝ ጊዜ ምኑን ልናገር?» አለች።

በማግስቱ ማህተሙ ተመታ።

ከደራርቱ ጋር አምቦ ገቡ፤ ከዚያም በጊንጪ አድርገው አዲስ አበባ። ወጣቷ ሐኪም ብብቷን ዳሰሰች፣ ወገቧን ያማት እንደሆነ ጠየቀቻት፣ ራጅ አስነሳቻት።

«እናቴ፣ በሽታው አጥንት ገብቷል። አሁን ብንቆርጠው ማሠቃየት ነው።»

«ሌላ መድኃኒት የለም?» አለች ደራርቱ።

«ውጭ አገር በጨረር ያክማሉ። የሚልከው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ተሰብስቦ ይወስናል።»

ሽታዬ ሳቀች። «ደግሞ ሌላ ኮሚቴ!» ሐኪሟም ሳትወድ ሳቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ቦርዱን ሳትጠብቅ ተመለሰች፤ የተሰጣት የሕመም ክኒን ሸነን በገባች በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። ዘርትሁን ዘንድ ያለው አስፕሪን ብቻ ነው። ምእመናኑ እየመጡ ይጸልዩላታል፤ አሜን ትላለች፣ ሕመሙ ግን ጸሎት አይሰማም።

አንድ ከሰዓት ደራርቱን ጠራቻት። «አንቺ ጡትሽን ዳስሰሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እግዚኦ! ምን ብዬ?»

«አሁን፣ እዚሁ ፊቴ።»

ደራርቱ እያፈረች እጇን ሰደደች። ሽታዬ ዓይን ዓይኗን ታያለች።

«ምንም የለም» አለች ደራርቱ።

«በየወሩ እንዲሁ አድርጊ።»

ደራርቱ ቀሚሷን እያስተካከለች ጠየቀች። «አንድ ቀን ባገኝስ፣ የት እሄዳለሁ?»

ሽታዬ መልስ ፈለገች። ክሊኒኩን አሰበች፣ የተቆለፈውን በር አሰበች፣ ያን ሁሉ መንገድ አሰበች። የደራርቱን እጅ ያዘች። ሚያዝያ ሳይጋመስ ቀበርናት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከመካከላችሁ ማህተም የሚይዝ አይጠፋም። አደራ፣ አንዲት ሴት ፊታችሁ ቆማ «ያመኛል» ብቻ ስትላችሁ፣ ሽታዬን አስታውሱልኝ።