የስድስት ጨዋታ ዋንጫ

ካሰች በአዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው ገበያ ዓሣ ሻጭ ነበረች። ረፋዱ ላይ ሸጣ ጨርሳ፣ እጇን በሎሚ አሽታ፣ ከሰዓት በኋላ መረብ ኳስ ሜዳ ትወርዳለች። በ1970 ዓ.ም. የቀበሌዋን ሴቶች በአምበልነት መርታ የአዋሳን ዋንጫ በላች።

ያ ውድድር አሥራ አራት ጨዋታ ሊሆን ታስቦ በስድስት ነበር የቀረው። የምሥራቁ ጦርነት ሲፋፋም ሜዳው ለሚሊሺያ ማሠልጠኛ ተወሰደ፤ መረቡም ተጠቅልሎ መጋዘን ገባ። የካሰች ቡድን ስድስቱንም አሸንፎ ስለነበር ዋንጫው ተሰጠው። ያን ዕለት ያጉረመረመ ሰው አልነበረም።

ነገር የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የስፖርት ኮሚቴው የአሸናፊዎችን ስም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሊያስቀርጽ ስብሰባ ጠራ። ሰብሳቢው ጓድ ባህሩ ዝርዝሩን አነበቡ። ስልሳ ስምንትን አሉ፣ ስልሳ ዘጠኝን አሉ፣ ከዚያ ሰባ አንድ ገቡ።

ካሰች ከኋላ ተነሣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የእኛን ዘለሉት።»

«አልዘለልኩትም፣ ጓዲት። በስድስት ጨዋታ የተገኘ ዋንጫ በአሥራ አራት ከተገኘው እኩል አይቀረጽም። ከሥር በትንሹ ‹ያልተጠናቀቀ› ተብሎ ይጻፍላችኋል።»

«ግማሽ ዋንጫ!» አለ አንዱ፤ አዳራሹ ሳቀ።

የካሰች ደም ፈላ። «ሳንጨርስ የቀረነው ደክሞን ነው? የተሰጠንን በሙሉ ተጫወትን፤ የተጫወትነውን በሙሉ አሸነፍን። ከዚህ ወዲያ ምን እናድርግ?»

«የቀሩትን ስምንቱን ብትሸነፉስ ኖሮ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ብናሸንፍስ ኖሮ? ያልተደረገ ጨዋታ ለእኛ ሲሆን ብቻ ለምን ሽንፈት ይሆናል?»

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት በቀሚሷ ጎተተቻት። በዚያ ዘመን ሰብሳቢን ፊት ለፊት መግጠም በእሳት መጫወት እንደሆነ ካሰችም አላጣችውም። ግን ሙሉጌጥ ትዝ አለቻት፤ አብራት የተጫወተችው ነርሷ ሙሉጌጥ።

«ሙሉጌጥ ዋንጫውን በተቀበልን በሦስተኛው ቀን ዘመተች፤ አልተመለሰችም» አለች። «እናቷ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ ዋንጫውን ታቅፋ የተነሣችው ነው። ‹ልጅዎ ያቀፈችው ግማሽ ነው› ብሎ ለእናቷ የሚነግር ካለ ይነሣ፤ ቤታቸውን እኔ አሳየዋለሁ።»

የተነሣችው አስካለ ናት። መምህር ነች፤ በስድስተኛው ጨዋታ የተሸነፈው ቡድን አምበል እሷ ነበረች።

«እኔ ካሰችን አልወዳትም» ብላ ጀመረች። «ግን ያን ቀን የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። ቤቴ ገብቼ ያለቀስኩት ሙሉ ለቅሶ ነው። የእሷ ድል ግማሽ ከተባለ የእኔም ሽንፈት ግማሽ ሊባል ነው፤ እንዲህ ያለ ምጽዋት አልፈልግም።»

ጓድ ባህሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። «እንግዲያው ‹በስድስት ጨዋታ› ተብሎ ይጻፍ?»

«ይጻፍ! አላፍርበትም» አለች ካሰች። «ፊደሉ ግን ከሌላው እንዳያንስ።»

እጅ ተቆጠረ። በአራት ድምፅ ብልጫ አለፈ።

በሳምንቱ ቀበሌ ተጠርታ «ግለ ሂስ አድርጊ» ተባለች። «ድምፄ ከፍ ብሎ ከሆነ ይቅርታ። ቃሌ ግን ያው ነው» አለቻቸው። ለአንድ ዓመት ከአምበልነት አወረዷት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወርዳ፣ እንደ ማንኛዋም ተጫዋች ተራዋን ጠብቃ ኳሷን መታች።