ቆሞ የመማር መመሪያ

ጋሽ ሶፋ ቅጽል ስሙን ያገኘው ከሚሸጠው ነገር ነው። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላልና፣ ሶፋ ሸጦ ሸጦ ሲበቃው ትምህርት ሚኒስቴር ገባ። አስተማሪ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ማስተማርማ ድካም አለው። ለጋሽ ሆኖ ነው የገባው።

የሚኒስቴሩ ሰዎች ለእሱ ብቻ ያወጡት ደንብ አላቸው። ጋሽ ሶፋ የተናገረው ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ የሰፈረው ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ተራ ቁጥር ያገኘ ነገር ደግሞ መመሪያ ሆኖ ይወጣል። የሚታለፈው ሲያስነጥስ ብቻ ነው። አንድ ቀን ስብሰባው ሲረዝምበት ወገቡን ይዞ ተነሳና፣ "ኧረ ይሄ ወንበር ገደለኝ! ልጆቹም ቢሆኑ ቆመው ቢማሩ ነው የሚሻላቸው" አለ። መቀለዱ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም፤ ሁሉም ጻፈ።

በወሩ የጭነት መኪና መጣና የአንደኛ ክፍሏን መምህርት ሠላሳ አንድ ዴስኮች ጭኖ ሄደ።

መምህርቷ ስልሳ ሁለት ልጆች አሏት። ዴስኩ ሲሄድ አንዱ የሌላውን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ መጻፍ ጀመረ። የፊተኛው በተኮረኮረ ቁጥር የኋለኛው "ሀ" ጭራ ያወጣል። ፊደል ሳይዙ ዓመቱ ሊያልቅ ነው ብላ ፈራች፤ ከልቧ ፈራች።

ቃለ ጉባኤ ያዢዋ ታናሽ እህቷ ናት። እሑድ አብረው አንሶላ ሲያጥፉ አፋጠጠቻት።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"እትዬ፣ እኔ እጅ ነኝ እንጂ አፍ አይደለሁም። እሱ ካለ እጽፋለሁ።"

"እንግዲያው ሰርዢው!"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ! እሱ ራሱ ሌላ ካላለ ማን ደፍሮ ይሰርዘዋል?"

መምህርቷ የአንሶላውን ጫፍ ለቀቀችው። "ታዲያ ሌላ እንዲል እናደርገዋለን።"

ጋሽ ሶፋ የመመሪያውን ፍሬ ሊያይ ካሜራ፣ የሚኒስቴሩን ኃላፊዎችና ቃለ ጉባኤ ያዢዋን አስከትሎ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። የተያዘለት አሥር ደቂቃ ነበር። መምህርቷ ግን የርዕሰ መምህሩን ወንበር ሳይቀር ዕቃ ቤት ቆልፋበታለች። ልጆቹን አሰልፋ፣ "እያንዳንዳቸው የምስጋና ግጥም አላቸው፣ ጌታዬ" አለችው። ካሜራ እየቀረጸው ምስጋና ረግጦ ይሂድ? አሥራ ሁለተኛው ልጅ ላይ እግር መቀያየር ጀመረ። ሠላሳኛው ላይ ግድግዳ ተደገፈ፤ ግድግዳው ለእሱው ክብር ጠዋት የተቀባ ነበርና ኮቱ አረንጓዴ ሆነ። አርባ ሰባተኛዋ ልጅ ግጥሙ ጠፍቶባት እንደገና ከመጀመሪያው ስትነሳ፣ ትዕግሥቱ አለቀ።

"ወንበር የለም እንዴ እዚህ ቤት? ወንበር የሌለው ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው? የትኛው እብድ ነው ያነሳው?"

ኃላፊዎቹ መሬት መሬት አዩ። ታናሽየዋ ጻፈች፤ ተራ ቁጥርም ሰጠችው። እብዱን የሚመለከተውን ለአለቆቿ ስትል ዘለለችው።

በሦስተኛው ሳምንት ዴስኮቹ ተመለሱ። ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል፣ በየመደገፊያቸው ላይ የጋሽ ሶፋ ፎቶ ተለጥፏል፣ ከሥሩም በትልቁ "ስጦታ" ተብሎ ተጽፏል። መምህርቷ ጎንበስ ብላ የፊተኛውን ዴስክ ሥር አየች። አምና በገዛ መዶሻዋ የመታችው ጠማማ ሚስማር እዚያው አለ። በንዴት ሚስማሩን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ዴስኮቹን ይዞ የመጣው የሚኒስቴሩ ኃላፊ ስለ "አዲሶቹ" ዴስኮች ንግግር አድርጎ ሲጨርስ ግን አጨበጨበች፤ የልጆቹ ነገር ነው።

አርባ ሰባተኛዋ ልጅ ፊት ለፊቷ ያለውን መደገፊያ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "ስ... ጦ... ታ።" ቀና አለች።

"ቲቸር፣ ስጦታ ማለት የወሰዱትን መመለስ ነው?"

ኃላፊውን ሳል ያዘው።

"አይደለም፣ የኔ ልጅ" አለች መምህርቷ፣ ደብተሯን እየገለጠችላት። "አሁን ቶሎ ቁጭ በይና ጻፊ፤ ሰውዬው ሌላ ነገር ሳይል።"