ስንጥቅ ፍለጋ

ደግሞስ ግድግዳን ይህን ያህል ሰማያዊ የሚቀባ ሰው ምን ሊሸፍን ፈልጎ ነው፣ ይላል በልቡ፣ ርዕሰ መምህሩን በኮሪደሩ እየተከተለ፣ ቀለም የሚበዛው ስንጥቅ ያለበት ቦታ ነው፣ ይህን ለእሱ የሚነግረው የለም፣ ዕድሜውን በሴራሚክ ፋብሪካ ጥራት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው፣ ንጣፉን አንስቶ በጣቱ አንጓ ኳ ያደርገዋል፣ የደህናው ድምፅ ጥርት ይላል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል፣ አለቀ። ዓይን አያስፈልግም። ርኅራኄማ ጭራሽ።

ይህችን ከተማ ከጠዋት ጀምሮ ሲያንኳኳት ነው የዋለው፣ ሁሉም የታፈነ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጉሮሮው ላይ እንዳሳረፈ፣ የአዲሱ ፋብሪካ ሰው ነዎት አሉ ጋሼ፣ እንዲህ አይደንግጡ እንጂ፣ እዚህ እኮ ወሬ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ነው የሚወርደው። ርዕሰ መምህሩም ያው ነው፣ ከረባቱ አጭር፣ ንግግሩ ረጅም፣ ተማሪዎቻችን በሥነ ምግባር የታነጹ ናቸው ክቡርነትዎ፣ ይታነጹ፣ ማን ከለከላቸው፣ እሱ የመጣው ለአንድ ነገር ነው።

ሳቅ።

ሚስቱ ቁርጡን ነግራዋለች፣ የአዲሱ ፋብሪካ ሹመት የራስህ ጉዳይ ነው፣ ሂድና ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለህ ስማ፣ በልጄ አንደበት የማይስቁ ልጆች ካሉ ነገውኑ ዕቃዬን እጠቀልላለሁ፣ የሚስቁ ከሆነ ግን እዚሁ በለመደችው ቦታ ትሳቀቅ። ልጅቷ ትንተባተባለች። የክፍሏ ልጆች አነጋገሯን እያስመሰሉ ሲስቁባት ከርመው አሁን ትምህርት ቤት አፏን አትከፍትም፣ በምልክት ሆኗል ነገሯ፣ ሐኪሟ ደግሞ አትቅደሟት፣ ጠብቋት ይላል፣ ለእሱ ምን አለበት፣ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንቀጠቀጥ እያዩ መጠበቅ፣ ከእጅ የሚያመልጥ ንጣፍ እያዩ እጅን አጣጥፎ እንደመቆም ነው፣ እሱ አባትየው ግን ይቀልባል፣ ቃሉን ከአፏ ቀልቦ ይጨርስላታል፣ ይሄ አባትነት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው።

የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል፣ ጉልበቱ ከዴስኩ ጋር ይጋጫል። መምህሯ ልጅ እግር ናት፣ ቀሚሷ ጠመኔ በጠመኔ፣ ይህችም መምህር ተባለች፣ አንዲት ካልሲዋ የወረደ ልጅ ታስነሳለች፣ ልጅቷ ታነባለች፣ ወንዙ በሞላ ጊዜ ድ፣ ድ፣ ድ፣

ጀርባው ቀጥ ይላል። ይኸውላችሁ። እንደሱ ልጅ ያለች፣ እዚሁ፣ በገዛ እግሯ መጣችለት፣ አሁን ይፈነዳሉ፣ የት ይቀራሉ፣ ጆሮውን ያቀናል፣ ድ፣ ድ፣ ማንም አይስቅም። አንዱ እርሳሱን ይቀርጻል። አንዷ ታዛጋለች። መምህሯ በመስኮት ታያለች፣ ውጭ ምን እንዳለ እንጃ፣ የሚታየው የተሰጣ ልብስ ብቻ ነው፣ ድ፣ እና ይሄ አለመሳቃቸው ደህና ድምፅ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ያውቀዋል፣ ግን ለምን ዝም ይላሉ፣ አንድ ነገር አድርጉ እንጂ እናንተ ድንጋዮች፣ ልጅቷ ዓይናችሁ እያየ ልትሰበር ነው፣ ድ፣ ድ፣ ቃሉ ከእጇ አመለጠ፣ ወደቀ፣

ድልድዩ! ድልድዩ ነው!

የራሱ ድምፅ ነው።

ክፍሉ በሙሉ ይዞርና ያየዋል። ልጅቷ የመጽሐፏን ገጽ በመዳፏ ትሸፍናለች። ቲቸር፣ ከመሃል አንዱ፣ ሰውዬው ምን ሆነው ነው? ተዋቸው፣ እንግዳ ናቸው፣ መጠበቅ አልለመዱም፣ ትላለች መምህሯ፣ ሳትቆጣ፣ አለመቆጣቷ ነው የሚያንገበግበው፣ ነይ የኔ ቆንጆ፣ ከወንዙ ጀምሪልኝ ትላታለች፣ ያኔ ልጆቹ ይስቃሉ። በእሱ። ባለካልሲዋም ከእነሱ ጋር ትስቃለች፣ ሳትንተባተብ።

ፌርማታው ጋ ስልኩን ያወጣል፣ እዚህ ከተማ መኖር ማለት፣ ልጁን በየጠዋቱ ከዚያ በር አድርሶ ያችን ባለጠመኔ እንደምን አደሩ ማለት፣ ፀጉር አስተካካዩም እስከ ነገ ይሰማል፣ መጠበቅ ያልለመዱት ጋሼ፣ ጎንበስ ይበሉልኝ፣ አይሆንም። ለማንም ሲባል አይሆንም። እህ፣ እንዴት ናቸው ልጆቹ፣ ሚስቱ ነች፣ በል ቶሎ ንገረኝ፣ ልጅህ ልብሷን ሁሉ ከቁምሳጥን አውጥታ አልጋ ላይ ከምራዋለች፣ ቆይ ራሷ ልታናግርህ ነው፣ ስልኩ ይንኮሻኮሻል፣ አባዬ፣ ል፣ ልጆቹ ይ፣ ይ፣

ይስቃሉ፣ ይላታል።

ውሸትም አይደለም። በጆሮው የሰማውን ነው። በዚያ በኩል ትንፋሿ ይሰማል፣ ይ፣ ይ፣ ቃሉን ገና አልጣለችውም፣ እየመጣ ነው፣ ጥቂት ቢታገሥ ይደርሳል፣ አውቶቡሱ መጣ ይላል፣ ያልመጣውን፣ ይዘጋዋል።