ሳጥኑ በፊርማ የሄደ ዕለት

ዐብዲናሲር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም የማይፈልገውን ዕቃ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ድሬ ዳዋ ውስጥ፣ ባለንብረቱ ሳይወስደው የቀረ ዕቃ በሚከማችበት አንድ መጋዘን መዝጋቢ ነበር። ሁሉም ያው ግሳንግስ ነው የሚለው ሰው ካጋጠመው ይቆጣል። የተጣለና የወደቀ ለእሱ አንድ አይደሉም። የተጣለ ማለት አንድ ሰው አስቦበት የወረወረው ነው። የወደቀው ማንም ሳያስብበት ከመኪና ላይ የተንሸራተተው ነው። የተረሳው ደግሞ ጌታው ትዝ ባለው ቀን እያለከለከ የሚመጣለት ነው። ከሁሉም የከፋው የተተወ የሚባለው ነው፤ የት እንዳለ እየታወቀ ማንም ሊወስደው ያልመጣ። ይህን ፍቺ ማንም አላስተማረውም። ራሱ ነው ያወጣው፤ ይኮራበታልም።

ችግሩ፣ ቤቱ ሲገባ መዝጋቢነቱን ከጫማው ጋር በር ላይ አያወልቀውም። ጓዳ ውስጥ እጀታው የተሰበረ፣ ውስጡ የተሰነጠቀ አሮጌ ተርሙዝ ነበር። ሻይ አያሞቅ፣ ውሃ አይዝ። ዐብዲናሲር አገላብጦ አየውና «የሚወገድ» ብሎ ለቁራሌው ሰጠው። ቁራሌው ራሱ ለመቀበል ትንሽ አመንትቶ ነበር። ተርሙዙ ከሚስቱ ከፋዱሞ ሟች እናት የቀረ ብቸኛ ዕቃ መሆኑን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ሰምቶም ይቅርታ ማለት ሲገባው፣ የሚጠገንና የሚወገድ ዕቃ በምን እንደሚለያይ ያስረዳት ጀመር። ፋዱሞ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ሻሿን ደርባ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ፣ አክስቷ ሁዶ ቤት ገባች።

ደቻቱ በዚያ ሰሞን ደረቅ አሸዋ ነበር። ድልድዩም በቦታው አለ። ከእሱ ቤት ሁዶ ቤት በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ዐብዲናሲር ግን አልሄደም። የወጣችው እሷ ናት፣ የምትመለሰውም እሷ ናት ብሎ ተቀመጠ። በጣም ናፍቃዋለች። ከሥራ በተመለሰ ቁጥር በሩ ተከፍቶ የሚያገኘው ይመስለዋል፣ ቁልፉን የሚያወጣው ግን ራሱ ነው።

እነ ፋዱሞ ዘንድ ሴት ስታኮርፍ ባዶ እጇን ነው የምትወጣው። የሙሽርነት ሳጥኗ ከባሏ ቤት እስካልተነሳ ትዳሩም አልተነሳም። ባልየው ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ ተቀምጦ ይወቀሳል፣ ሚስቱን ይዞ ይሄዳል። ሳጥኑ ከወጣ ግን አለቀ፣ ለሽማግሌም ሥራ የለውም። ዐብዲናሲር ይህን ሳያውቅ አሥራ አራት ዓመት በትዳር ኖሯል። ፋዱሞ አኩርፋ አታውቅም ነበርና ማን ይንገረው?

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዓይኑ ሳጥኑ ላይ አረፈ። ቁልፉ እላዩ ላይ ነው። ያለ ልብስ ምን ሆና ይሆን ብሎ ሆዱ ባባ። የሰው ዕቃ ደግሞ ዝም ብሎ አይላክም። ከመሥሪያ ቤቱ ተርፎ ቤቱ የቆየ ቅጽ አወጣ፤ ሳጥኑን ከፍቶ ቁጭ ብሎ መዘገበ። ድሪያ፣ ሦስት፣ ያገለገለ። ነጠላ ጫማ፣ አንድ ጥንድ፣ ያገለገለ። ሽቶ፣ አንድ ጠርሙስ፣ ግማሽ። ሁለት ቅጂ አድርጎ፣ ከጣት አሻራ ቀለም ጋር ለጎረቤቱ ለባጃጅ ሾፌሩ ለሚክዳድ ሰጠውና በፊርማ እንዲያስረክብ አዘዘው። እንዲህ አድርጎ ሲጨርስ ጥሩ ባል የሆነ መሰለው።

ሚክዳድ አንዱን ቅጂ ይዞ ተመለሰ። ማንበብም መጻፍም የማትችለው ሁዶ ግርጌው ላይ አውራ ጣቷን አትማበታለች። ዐብዲናሲር ምን አሉ ብሎ ጠየቀው።

«ፋዱሞ ሳጥኑን ስታይ ወደ ውስጥ ገባች» አለ ሚክዳድ። «ሁዶ ግን፣ ሳጥኗን ከላከማ ፈቷታል፣ አይደል? አለችኝ። እኔ ሾፌር ነኝ፣ ምን አውቃለሁ አልኳት።»

ዐብዲናሲር ቅጂውን በእጁ እንደያዘ፣ በሽርጡ፣ የቤት ሰንደሉን እንዳጠለቀ ባጃጁ ውስጥ ገባ።

ሁዶ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ሳጥኑ መሃል ላይ ነው፣ አልተከፈተም። ወረቀቱ በላዩ ተቀምጦ ድንጋይ ተጭኖበታል። የበሩ መጋረጃ ሥር የፋዱሞ እግሮች ይታያሉ። ሁዶ ተቀመጥ አላለችውም።

«አስነብቤዋለሁ» አለችው። «አናቱ ላይ የተተወ ዕቃ ይላል አሉኝ። ዋርያ፣ የተተወ ምንድነው?»

የቅጹን ርዕስ ከነአካቴው ዘንግቶት ነበር። ጥያቄውን ግን ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይመልሰዋል።

«የት እንዳለ እየታወቀ፣ ማንም ሊወስደው...» ብሎ ጀመረና አፉ ዘገየበት። «ሊወስደው ያልመጣ።»

«ፋዱሞ የት እንዳለች አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ኤዶ» አላት፣ ሚስቱ አክስቷን በምትጠራበት አጠራር።

«እና?»

«አልመጣሁም።»

አፈረ፣ ጆሮው ድረስ ጋለ። ለማንም ያልተናገረውን ወደ መጋረጃው ዞሮ ተናገረ። ተርሙዙን ፍለጋ ቁራሌዎቹ ዕቃ የሚያራግፉበት ሄዶ ነበር፤ ክምሩን በእጁ በትኖ አይቷል፤ የለም።

«መቼ ነው የሄድከው?» አለች ፋዱሞ ከውስጥ።

«በወጣሽ በማግስቱ። ከዚያም ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ።»

ፋዱሞ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ዓይኗ አብጧል። አላየችውም። የሳጥኑን ቁልፍ አዙራ ነቀለችና በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው።

«መልሰህ ውሰደው» አለችው። «አርብ ከነሽማግሌህ እንደ ሰው ና።»

ሁዶ የተቀባ አውራ ጣቷን አነሳች። በሳሙና አልለቅ ብሏታል። ያተመችበትም ወረቀት እንዲመለስላት ጠየቀች። ዐብዲናሲር ሁለቱንም ቅጂ ከፊቷ ቀዳደደ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ገጽ ቀድዶ አያውቅም።

ቤቱ ሲደርስ ሳጥኑን ከሚክዳድ ጋር ተጋግዘው አስገቡ። ሊሾው ላይ የሳጥኑ አራት እግሮች ለዓመታት የቆሙባቸው ቦታዎች ነጥተው ይታያሉ። አራቱንም እግሮች በቦታቸው አስቀመጣቸው። ክዳኑን ሞከረው፣ ተቆልፏል። ቁልፉ ደቻቱን ተሻግሮ ሻሽ ውስጥ ነው። ሊከፍተው የማይችል ዕቃ ቤቱ ውስጥ በመኖሩ ደስ አለው። አጠገቡ ምንጣፍ አነጠፈና ለአርብ የሚለምናቸውን ሽማግሌዎች ማሰብ ጀመረ።